ክዳኑ ውስጥ የተጻፈው ፊደል

ሆሳዕና ውስጥ «የጌም ሐኪም» ሲባል የሚታወቀው ወንድሜ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ። እኔ ሱቁ በር ላይ መበየጃ ይዤ ተቀምጬ፣ ጭሱ ፊቴ ላይ እየወጣ፣ ሰው ይመጣና «ወንድምሽ እንደገና መቼ ነው የሚመጣው? እሱ ቢያይልኝ ነበር ደስ የሚለኝ» ይለኛል። ድሮ ይህን ስሰማ አንጀቴ ያርር ነበር። አሁንም ያርራል፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ!

አባቴ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ በር ያላት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሥራ ሲያስተምር ብዙ አያወራም፤ አንድ ነገር ግን በየቀኑ ይደጋግማል። የሰው ዕቃ የከፈተ ሠሪ ከመዝጋቱ በፊት ክዳኑ ውስጥ የስሙን የመጀመሪያ ፊደልና ወሩን በእርሳስ መጻፍ አለበት። ነገ ሌላ ሠሪ ሲከፍተው ከእሱ በፊት ማን እንደገባበት ይወቅ። «ከፍቶ ሳይፈርም የሚዘጋ ሌባ ነው» ይል ነበር። እኛ ቤት ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ አሥራ አንደኛው ይኼ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካቻቢቴ ሲይዝ ጫፉ ብሎኑ ላይ አልቀመጥ ይላል። ስለዚህ እኔንና በሁለት ዓመት የሚበልጠኝን ወንድሜን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስተምረን ጀመር። ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት ጣቱን አቃጠለ፣ በሁለተኛው ሳምንት የደንበኛ ሬዲዮ አቃጠለ፣ በሦስተኛው ሳምንት «እኔ ከሰው ጋር ላውራ፣ እናንተ ሥሩ» አለ። እውነቱን ለመናገር አፍ ተሰጥቶታል። ሐዲይኛውንም ከምባትኛውንም አማርኛውንም ያቀላጥፈዋል፤ ሊጣላ የመጣ ደንበኛ አስቆ ይመልሳል። እጁ ግን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቆጮ እንኳ አስተካክሎ አይቆርስም።

እኔ ደግሞ ሥራው ገባኝ። ለምን እንደገባኝ አላውቅም፤ ሽቦ ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ መበየጃውን ከሰል ላይ አግዬ እሠራለሁ እንጂ አልነሣም። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ፣ የሚንቀጠቀጥ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ «እሱን… አዎ፣ እሱን» ሲለኝ ከዚያ የሚበልጥ ምርቃት አልነበረም።

አንድ ቀን ከሆመቾ የመጡ ሰውዬ ቴፓቸውን ሊወስዱ ሲገቡ እኔ እየበየድኩት አገኙኝ። «ምንድነው ይኼ? ቴፔን የሴት ልጅ መጫወቻ አደረጋችሁት?» አሉ። ክዳኑ ሳይገጠም፣ ብሎኖቹን ኪሳቸው ከተው፣ ቴፑን በብብታቸው ይዘው ወጡ። አባቴ ከሰዓት በኋላ እናቴ ለመኝታ ቤት ያስቀመጠችውን አበባ አበባ መጋረጃ አምጥቶ ሱቁን ለሁለት ከፈለው። ከፊት እሱና ወንድሜ፣ ከጀርባ እኔና መበየጃው።

«ለጊዜው ነው» አለኝ። «ክዳኑ ላይም የወንድምሽን ፊደል ጻፊ። የአንቺን ካዩ መልሰው ያመጡታል።»

«አባባ፣ ከፍቶ ሳይፈርም የሚዘጋው ሌባ ከሆነ፣ ከፍቶ በሌላ ሰው የሚፈርመው ምን ሊባል ነው?»

«ልጄ፣ ቤቱ የሚበላው ከዚህ ነው።»

ጻፍኩ። ያቺ «ለጊዜው» ስንት ዓመት እንደምትዘልቅ ያኔ ማን ነግሮኝ! ከዚያ ቀን ጀምሮ በስንት ሰው ሬዲዮ ውስጥ የወንድሜን ፊደል በእጄ እንደጻፍኩ አላውቀውም። የራሴን ፊደል መጻፍ እስኪጠፋኝ ድረስ የእሱን ለመድኩ።

ጌሙ የመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሙሉ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ መዋል በጀመርኩበት ዓመት ነው። በእኛ አገር ወንዱ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፣ «ሳውዝ» ነው የምንለው፤ ሴቷ ደግሞ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ስለዚህ የየቤቱ ዕቃ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። የሳውዙ ማንቆርቆሪያ መሰኪያው ሦስት ወፍራም ክብ እግር አለው፣ የዓረብ አገሩ ካውያ ሦስት ጠፍጣፋ፤ ግድግዳው ላይ ያለው የኛ ቀዳዳ ሁለቱንም አይቀበልም። አባቴ እጁ ሳይደክም ግማሽ ኑሯችን መሰኪያ መቀየር ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ሊያገባ ከሳውዝ ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጥቁር የጌም ማጫወቻ ይዞ መጣ። ያኔም ያረጀ ሞዴል ነበር፤ እዚያ ሰው ሰልችቶት የተወውን ነው ያነሣው። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ደግሞ የአሠሪዎቿ ልጆች የጠገቧቸውን ስድስት ካሴቶች ላከችለት። ካሴት ስል የመዝሙር ካሴት አይደለም፤ መዳፍ የሚያክል፣ ሆዱ ውስጥ ቦርድ ያለው፣ ማጫወቻው አናት ላይ የሚሰካ ፕላስቲክ ነው።

አልገባ አለ። የካሴቱ ጎኖች ክብ ናቸው፣ የማጫወቻው አፍ ደግሞ ቀጥ ያለና ጠባብ። ሙሽራው አናጢ ጋ ሄዶ አንዱን ካሴት በሞረድ አስሞረደውና ሞረዱ ቦርዱንም አብሮ በላው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጣው። ወንድሜ ሳጥኑን እንኳ ሳይነካው «በጣም ቀላል ነው፤ ሐሙስ ና» አለው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሰማው ደሜ ፈላ። ቀላል ነው ይላል! ለማን ነው የቀለለው?

መቆረጥ የነበረበት ካሴቱ ሳይሆን ማጫወቻው ነው። ቢላዋ ከሰል ላይ አግዬ የአፉን ጠርዝ ከሁለቱም በኩል ቀስ እያልኩ ቆረጥኩት። ካሴቱ ገባ። ደስታዬን ሳልጨርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ይህ ካሴት ለሌላ አገር ማጫወቻ ብቻ የተሠራ ነው ይላል። ጉድ እኮ ነው! እኛ ቤት፣ የእኛው ቴሌቪዥን ላይ «የዚህ አገር አይደለህም» ይባላል። ለካ ካሴትም ቪዛ ይጠየቃል ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቦርዱን ሳየው ዋልኩ። በኋላ አባቴ ድሮ ያሳየኝ ነገር ትዝ አለኝ። ከውጭ የሚመጡ ትልልቅ ሬዲዮኖች ጀርባቸው ላይ መቶ አሥርና ሁለት መቶ ሃያ የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ ፋብሪካው አንድ ሬዲዮ ሠርቶ የመብራት ኃይላቸው ለተለያየ ሁለት አገሮች ይሸጠዋል። ይኼም ፋብሪካ ለየአገሩ ሌላ ቦርድ እየሠራ አይደክምም። አንድ ዓይነት ቦርድ ሠርቶ፣ አንድ ቦታ ላይ «አገርህ ይኼ ነው» ብሎ ነግሮታል። ያንን ቦታ ማግኘት ነው እንግዲህ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጥንድ ትንንሽ ነጥቦች ናቸው፤ አንደኛው ጥንድ በቀጭን መስመር ተያይዟል፣ ሌላኛው ባዶውን ቀርቷል። መስመሩን በምላጭ ቆረጥኩት። ከሞተ ሬዲዮ ላይ የሞገድ መቀየሪያውን ነቅዬ፣ በሦስት ሽቦ በይጄ፣ የሳጥኑን ጎን በስቼ አወጣሁት። ወደ ላይ ሲገፋ የዓረብ አገሩን ካሴት ያጫውታል፣ ወደ ታች ሲመለስ የሳውዙን።

አባቴን ጠራሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ትንሽ ሰውዬ ድልድይ ለድልድይ ሲሮጥ አየ። ካሴቱን አስቀየረኝ፣ መቀየሪያውን ራሱ በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ገፋው፣ እንደገና አስቀየረኝ። ከዚያ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና «ይኼን እኔም አልችለውም ነበር» አለኝ። በዕድሜዬ ከሰማሁት ቃል ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። ምን ያደርጋል፣ የተባለው ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

ሐሙስ ሙሽራው መጣ፣ ወንድሜ አስረከበው፣ ሙሽራው ወንድሜን አቅፎ ሳመው። ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ አንጋጫ ደረሰ፣ ዱራሜ ደረሰ። ከውጭ የተመለሰ ሁሉ ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣ ጀመር። መንገድ ላይ ወንድሜን «ሐኪም! ሐኪም!» እያሉ ይጠሩታል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ውሸት ነው! ወንድሜን እንዴት አድርጎ እንዳደመቀው መጥታችሁ ባያችሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከአዲሎ አንድ ነጋዴ መጡ። ሳውዝ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድም አላቸው። እዚያ ያረጀ ጌም የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ በየቀኑ እየመጡ የሌላ አገር ካሴት አጫውትልን ይሉታል፤ የሚችል ሰው ግን አላገኘም። ነጋዴው «የጌም ሐኪሙን» ሊያሻግሩለት ነው የመጡት። መጀመሪያ ግን በዓይናቸው ማየት ፈልገው ማጫወቻና ካሴት ይዘው ነበር።

«እስቲ እዚሁ ፊቴ ሥራልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ወንድሜ ላብ ሲያጠምቀው በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁት። ግን ያንን አፍ የሰጠው አምላክ መቼ ይተወዋል! «ጋሼ፣ ይኼ ሥራ ብርሃን አይወድም። ቦርዱ ፀሐይ ከነካው ያልቅለታል። እርስዎ ከአባባ ጋር ይጫወቱ፣ እኔ ከውስጥ ጨርሼ አመጣዋለሁ» ብሎ መጋረጃውን ገልጦ ገባና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። በዓይኑ ለመነኝ።

ያኔ መበየጃውን አስቀምጬ ብወጣ ኖሮ! ሁለት እርምጃ ነበር። «ጋሼ፣ የሚፈልጉት እጅ ይኼው» ብል አልቆ ነበር። አልወጣሁም። ሳጥኑን ከፈትኩና ቦርዱን ሳየው ሌላው ሁሉ ጠፋኝ፤ ደግሞም ሥራው አምሮ እንዲወጣ ፈለግኩ። ከዚህ የበለጠ ሞኝነት አለ? እኔን የሚያስቀረኝን ሥራ በራሴ እጅ አሳምሬ በየድኩት። ክዳኑ ውስጥ የወንድሜን ፊደል ጻፍኩ፣ ወሩን ጻፍኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። ወንድሜ ትንሽ ጥቀርሻ ግንባሩ ላይ ቀባ አድርጎ ይዞት ወጣ።

«ይኼ እጅ የተባረከ ነው!» አሉ ነጋዴው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቸርች መልስ ነጋዴው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እኛ ቤት መጡ፤ የጉዞው ቀን ሊቆረጥ ነው። እኔ አባቴን እጁን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወደ እንሰቱ ወሰድኩት።

«አባባ፣ የሚፈልጉት የኔን እጅ ነው። ንገራቸው። እኔ ልሂድ።»

«በሞያሌ መንገድ? ሴት ልጅ? ወንዱን እንኳ እየበላው ያለ መንገድ ነው።»

«እሺ አልሂድ። ግን የማን ሥራ እንደሆነ ንገራቸው።»

ከውስጥ የነጋዴው ድምፅ ይሰማል፤ እናቴን ሲያጽናኑ ነው፤ «ሴቷንም አታስቢ፣ ለእሷም የዓረብ አገር መንገድ አለ፣ ጥሩ ሰው ቤት ትገባለች» ይላሉ፣ ያውም በደግነት። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እኛ ቤት ጓሮ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም።

«ስሚኝ» አለ አባቴ። «እጁ የአንቺ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን ከተናገርኩ ግን እሱም ይቀራል፣ አንቺንም አይወስዱሽም፤ ሁለት ልጅ ይዤ እቀመጣለሁ። ወንድምሽ ይሻገር። ሰው ሆኖ በተመለሰ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እኔ ራሴ ተነሥቼ እናገርልሻለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ክርስቲያን አይምልም። ቃሌ ነው።»

የምፈልገው ይኼን ብቻ ነበር። ሳውዝንም አልፈለግኩም፣ ሱቁንም አልፈለግኩም። አባቴ አንድ ቀን በሰው ፊት «ይኼ የሴት ልጄ ሥራ ነው» ይበል። አንድ ዓረፍተ ነገር። በዚያች ዓረፍተ ነገር ተስፋ ዓመታት ኖርኩ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ወንድሜ ሄደ። አራት ወር ድምፁ ጠፋ። በዚያ አራት ወር ስለ ካሴትም ስለ ፊደልም አላሰብኩም፤ ከእናቴ ጋር ጾሜ ጸልያለሁ፣ መድረሱን ስንሰማ አልቅሻለሁ። ወንድሜ ነዋ! ጠላቴ አይደለም። እንደሱ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

ከደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚይዘው እንሰቱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ዝናብ እየጣለ እዚያ ቆሜ አነሣሁት።

«ሳጥኑን ከፍቻለሁ፣ ደንበኛው ቆሟል። ቶሎ ንገሪኝ» አለኝ በሐዲይኛ።

«ሁለት ጥንድ ነጥቦች ይታዩሃል?»

«ነጥብ ብቻ እኮ ነው የሚታየኝ!»

«ከረጅሙ ጥቁር ቺፕ በስተግራ።»

«ግራ በየት በኩል?»

«ወይ አምላኬ! የምትጎርስበት እጅህ ቀኝ ነው፣ ሌላኛው ግራ ነው!»

እንዲህ እያልን አንድ ሳጥን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ በኮፍያው ሥር አሳልፎ፣ እኔ እያዘዝኩት፣ እሱ እየሠራ ሁለት ዓመት ሄደ። ቆጮ ስፍቅም ጠርቶኛል፣ የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጬም ጠርቶኛል። ደንበኞቹ ሐዲይኛ አይሰሙም። አንድ ቀን እየሳቀ «ምን ይመስላቸዋል መሰለሽ? የምጸልይ ይመስላቸዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማወራሽ» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ መደወሉን ተወ። ለበዓል ይደውላል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃል፣ ይዘጋል። ለአባቴ «በቃ ለመደው፤ አሁን ራሱ ይሠራል» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ቢሆንም፣ ቢያንስ እጄ አንድ ሰው አስተምሯል ብዬ።

በስድስተኛው ዓመት ተመለሰ። ሰው ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ሰዓት አድርጎ። በእኛ ደንብ እንዲህ በሰላም የተመለሰ ሰው ቤቱ የምስጋና ፕሮግራም ያደርጋል። ድንኳን ተተከለ፣ ከቸርች አግዳሚ መጣ፣ መዘምራን መጡ፣ ከቡላ የሚሠራው አተካና ቅቤው እስኪፈስ ተዘጋጀ። ጠዋት አባቴ ወንድሜ ያመጣለትን ሱፍ ሲለብስ ክራቫቱን እያሰርኩለት «አባባ፣ ቃልህ?» አልኩት።

«ዛሬ ነው» አለኝ። «አልረሳሁም። ዛሬ እናገራለሁ።»

እኔም ያለኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ከመዝሙሩ በኋላ ወንድሜ ሊመሰክር ተነሣ። «ወገኖቼ፣ እኔን ሰው አላስተማረኝም» ብሎ ጀመረ። «በአባቴ ሱቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ እግዚአብሔር እጄን ይዞ አስተማረኝ። በሰው አገር ሥራ ሲከብደኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጠይቀው ነበር፤ መልሱ በጆሮዬ ይመጣልኝ ነበር። ግራና ቀኙን ሳይቀር ይነግረኝ ነበር!»

«ሃሌሉያ!» አለ ድንኳኑ በሙሉ። እናቴ አለቀሰች። መጋቢው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

በጆሮው የነበርኩት እኔ ነኝ! ዝናብ እየመታኝ ድንጋይ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ! እግዚአብሔር ደግሞ መቼ ነው «ግራ በየት በኩል?» ተብሎ የተጠየቀው? መጮኽ አማረኝ። ግን የአባቴን ቃል ይዤ ተቀመጥኩ። አባቴ ሊመርቅ ተነሣ። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል ስል፣ እንግዶቹን አመሰገነ፣ የአዲሎውን ነጋዴ አመሰገነ፣ መረቀና ተቀመጠ። እኔን አላየኝም።

ከዚያ ወንድሜ ለአባቴ ያመጣውን ስጦታ አወጣ። ጥቁር የጌም ማጫወቻ ነው፣ ጎኑ ላይ መቀየሪያ የተበየደለት። «ይኼ የእጄ ሥራ ነው» አለ። የአዲሎው ነጋዴ ጉዱን ለሰው ለማሳየት ዓረብ አገር ካለችው ልጃቸው የመጣ ካሴት ይዘው ነበር። ቴሌቪዥን ወጣ፣ ካሴቱ ተሰካ። ያ የማውቀው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብቅ አለ። መቀየሪያው ወደ ላይ ተገፋ፤ ያው። ወደ ታች፤ ያው።

«አውሮፕላን ላይ ሻንጣ ሲወረውሩ ነው» አለ ወንድሜ። «መሣሪያዬን ደግሞ እዚያ ትቼው መጣሁ።»

«የአባትህ ሱቅ እዚህ አይደል እንዴ? መሣሪያ ይምጣ!» አሉ ነጋዴው። «ዛሬ እንኳ ፀሐይ የለም፤ ድንኳን ውስጥ ነን፣ ብርሃን አይነካውም!» ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። የወንድሜ ግንባር ያኔ መጋረጃው ሥር እንዳየሁት ላብ አወጣ።

ማንም ሳይጠራኝ ተነሣሁ። ካቻቢቴና መበየጃ አመጣሁ። ሳህኖቹን ገፋ አድርጌ፣ ያለ መጋረጃ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አራቱን ብሎን ፈታሁና ክዳኑን ገለበጥኩት።

ክዳኑ ውስጥ የወንድሜ ፊደል አለ። ግን ወንድሜ አልጻፈውም። የእሱን እጅ አውቀዋለሁ፤ ፊደሉን እንደ ዶሮ ጭረት ነው የሚጥለው። ይኼኛው በጥንቃቄ ተስሏል፤ አማርኛ የማያውቅ ሰው አንዱን መስመር ከታች ወደ ላይ፣ ሌላውን ከቀኝ ወደ ግራ እያለ እንደ ሥዕል የገለበጠው ነው። ብየዳውም እንደዚያው። ነጥቡ ሁሉ ትንሽ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ከእኔ ሥራ ይበልጣል። ስልኩ ለምን እንደቆመ ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ ሥራውን አልለመደውም። እዚያም መጋረጃ ሰቅሎ፣ ከጀርባው ሌላ ሰው አስቀምጧል። ቀና ብዬ አየሁት። ጫማውን ያያል።

አንድ ሽቦ ብቻ ነበር የተነቀለው፤ መንገድ ላይ ነው፣ የበያጁ ጥፋት አይደለም። አጠገቡ ያለውን ጥሩ ሥራ እንዳልነካበት ተጠንቅቄ በየድኩት። ካሴቱ ተሰካ። ጨዋታው መጣ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

«እንዴ! እንዴ!» አሉ ነጋዴው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። ወደ አባቴ ዞሩ። «ይህችን ደግሞ ማን አስተማራት?»

ሰው ሁሉ አባቴን አየ። እኔም አየሁት። ቃሉን ማምጣት እንኳ አልተጠበቀበትም፤ ጥያቄው ራሱ አፉ ላይ አመጣለት። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ቢል ይበቃኝ ነበር። አባቴ መጋቢውን አየ፣ «ሃሌሉያ» ያለውን ሕዝብ አየ፣ ጫማውን የሚያየውን ልጁን አየ።

«ወንድሟ» አለ። «ወንድሟ ነው ያስተማራት።»

«አሜን! ሃሌሉያ!» አለ ድንኳኑ።

ክዳኑን ገጠምኩት። እርሳሱ አጠገቤ ነበር፤ አላነሣሁትም። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ያላደረግኩትን ነገር ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ሳትፈርሚ ዘጋሽው» አለኝ።

«የማንን ልፈርም፣ አባባ?»

እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ወደ ድንኳኑ ዳር አየና «ከኋላ ላሉት እንግዶች አተካና አልደረሳቸውም» አለኝ።

ሳህኖቹን አንሥቼ ሄድኩ።